አራተኛዋ ኪስ

እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምትናገረው አንድ ታሪክ አላት። እጇን ራሴ ላይ ጭና፣ «ይህችን ልጅ» ትላለች፣ «ከሰው አፍ ነው ፈልቅቄ ያወጣኋት።» ከዚያ ስለ ጭሱ፣ ስለ ጎረቤታችን ስለ እትዬ አምሳለ ብርታት፣ ስለ አጎቴ ስለ መንግሥቴ ክንድ ታወራለች። እንግዶቹ ያማትባሉ። ከመካከላቸው አንዱ መቼም ወደ እኔ ዞር ማለቱ አይቀርም፤ «እውነት ነው?» ይለኛል። «እውነት ነው» እላለሁ። ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በቦርሳ ነው።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ሰቆጣ ዳር፣ የገበያው መንገድ ቁልቁል ከሚታጠፍበት ላይ ነው። አባቴ ጓንጉል እህል በአህያ ያመላልሳል፤ እናቴ እታገኝ ጠላ ትሸጣለች። ታላቅ እህቴ ሰላማዊት ጋዝጊብላ ወረዳ ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ተመድባለች። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቅዳሜ ትመጣና ሰኞ ማለዳ ትመለሳለች።

የቤታችን ብርጭቆዎች ታጥበው መደርደሪያው ላይ ይደፋሉ። ሁለት ዕቃዎች ግን ከእነሱ ጋር አይቀላቀሉም። አንዱ የነፍስ አባታችን ዋንጫ ነው፤ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ሁለተኛው ቀይ የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ለብቻው ይንጠለጠላል። እሱ የምንይሉ ነው። ከምንይሉ በቀር ማንም አይጠጣበትም። እናቴ ስትቀዳለት እንኳ ኩባያውን አትነካውም፤ እሱ ይዞላት ከላይ ታወርድለታለች። ሌላው ጠጪ ውስጥ ተጨናንቆ ሲቀመጥ ምንይሉ ደጃፉ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት፣ ለእሱ ብቻ የሆነ ድንጋይ ነበረው። ሰዎች «ፋቂ ምንይሉ» ይሉታል። ከስም በፊት የሚመጣ ቃል ሁሉ ማዕረግ ይመስለኝ ነበር፤ ቄስ፣ መምህር፣ ፋቂ። በእኔ ሂሳብ ሰቆጣ ውስጥ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም እኛ ቤት ነበር የሚጠጡት።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ ሰላማዊት በዝናብ ረጥባ ገባች። ትከሻዋ ላይ የነበረውን የሸራ ቦርሳ መሬት ላይ ጣለችው። መዝገቧን አውጥታ ስትገልጠው ቀለሙ ከገጽ ወደ ገጽ ፈስሷል።

«የአርባ ሰባት ሕፃን ክብደት!» አለች። «አሁን የማን ልጅ እንደከሳ፣ የማን እንደወፈረ በምን ልወቅ?»

«እንደገና መዝኛቸዋ» አለ አጎቴ መንግሥቴ ከብርጭቆው ቀና ሳይል። «በግ መስለውሻል እንዴ፣ የሚጠፉት?»

ምንይሉ ከደጃፉ ሆኖ ቦርሳውን ያየው ነበር። ቀጭን ሰው ነው፤ ጣቶቹ ግን ወፋፍራም ነበሩ፤ ጫፋቸው በቆዳ ማልፊያ ጠቁሯል። «ከውስጡ በቀን መጀመሪያ የምታወጪው የቱን ነው?» አላት።

«ምን?»

«ቤት ስትገቢ። መጀመሪያ መዝገቡን ነው ወይስ መድኃኒቱን? ቆመሽ ነው ተቀምጠሽ? በየትኛው እጅሽ?»

ሰላማዊት ፀጉሯን እየጨመቀች ትንሽ አሰበች። መጀመሪያ የክንድ መለኪያውን ነው፣ አለች። ሕፃኑ እናቱ ጉልበት ላይ እያለ፣ ተንበርክካ፣ በቀኝ እጇ። ከዚያ መዝገቡን። መድኃኒቱን በመጨረሻ። አንዳንድ ቀን መድኃኒቱ ጨርሶ አይወጣም፤ ግን ሁልጊዜ ትሸከመዋለች፤ በሶዋ ከኪኒኑ ጋር ይደባለቃል። ስትጨርስ ሳቀች። «አለቃዬ እንኳ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።»

ምንይሉ ከምድጃችን ጫፍ ከሰል እንዳቀብለው ጠየቀኝና የደጃፉ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ መሣል ጀመረ። «አህያ ስትጫን ሁለቱ ጎን ካልተመጣጠነ ጀርባዋ ይላጣል» አለ። «ሁሉን ባንድ ከረጢት ካጨቅሽው ደግሞ የማያስፈልግሽንም ቀኑን ሙሉ ተሸክመሽው ትውያለሽ። እናቲቱ ትከሻሽ ላይ ትሁን። ባዶ፣ ጠፍጣፋ፣ መዝገብ ብቻ የምትይዝ። ልጆቿን ለየብቻ ልሥራቸው። አንዱ ለመለኪያ፣ አንዱ ለመድኃኒት፣ አንዱ ለስንቅ። እንደ ቀኑ ሥራ ትሰኪያቸዋለሽ፤ ሲበቃሽ ትነቅያቸዋለሽ።»

«ኧረ ተዉ!» አለ አጎቴ ከውስጥ። «ለቦርሳ ልጅ ሰጠው! ለራሱስ ማን ይሰጠዋል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ምንይሉም ሣቀ፤ ዓይኑን ግን ከሥዕሉ አላነሳም። ከሁሉም የጮኸው የእኔ ሣቅ ነበር። ልጅ የሌለው ሰው ልጅ ስጡኝ ማለቱ ነው ብዬ አዝኜለትም ነበር።

የሚሠራበት ጎጆ ከከተማው በታች፣ ወንዙ ዳር ለብቻዋ የቆመች ናት። ለቆዳ ውሃ ስለሚያስፈልገው ይመስለኝ ነበር። በርግጥ ውሃ ያስፈልገዋል።

ሰላማዊት በሌለችበት ቅዳሜና እሑድ ሁሉ እዚያ እሄድ ነበር። እናቴ ጠላ ስትቀዳ ልብ አትለኝም። ቆዳ ከመቁረጡ በፊት ቦርሳውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ሰፋው። ያንን የወረቀት ቦርሳ በድንጋይ ሞልቶ እኔን አሸከመኝና ዳገቱን ወጥቼ እንድወርድ አዘዘኝ። «የት ነው የከበደሽ?» ይለኛል ስመለስ። «እዚህ? እዚህስ?» በጥፍሩ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ማንገቻው ከአንገቴ ወደ ትከሻዬ እስኪወርድ ሦስት ጊዜ ፈታው።

ከዚያ ቆዳው መጣ። የፍየል ነው፤ የለፋ፣ እንደ ሻሽ የሚታጠፍ። ከውስጥ በኩል ውሃ እንዳያስገባ ከከባድ መኪና ጎማ የወጣ የውስጥ ላስቲክ፣ ከመነዳሪ፣ ገበረበት። እናቲቱ ፊት ላይ በወስፌ እየበሳ በጅማት የተሰፉ ትናንሽ የቆዳ ቀለበቶች ደረደረ፤ ለእያንዳንዱ ኪስ አራት አራት። ኪሶቹ ጀርባቸው ላይ ከወይራ እንጨት የተጠረበ፣ የጣቴን አንጓ የምታክል ቁልፍ ነበራቸው። ቁልፉ በቀለበቱ ገብቶ አግድም ሲዞር ይይዛል፤ ቀጥ ሲል ይለቃል። ዓይኔን ጨፍኜ ሰካሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነቀልኩ። ጎጆዋ የሞራና የጭስ ሽታ ነበራት። ሰዎች በዚያ በኩል ሲያልፉ ለምን አፍንጫቸውን እንደሚይዙ አይገባኝም ነበር። ለእኔ አዲስ ነገር ሁሉ እንደዚያ የሚሸት ነበር የሚመስለኝ።

ሲያልቅ ወስዶ ወንዝ ውስጥ ነከረው። አውጥቶ ቁልፉን ሊያዞር ሲሞክር አልዞር አለው፤ ቀለበቶቹ ረጥበው ጠበዋል። ደጋግሞ ሞከረው።

«ሲደርቅ ይላቀቃል» አልኩት።

«የታመመ ሕፃን እናቱ እቅፍ ውስጥ እያለ እህትሽ እስኪደርቅ ትጠብቅ?»

አሥራ ሁለቱንም ቀለበቶች ተርትሮ አወጣቸው። በሞራና በሰም ቀቅሎ፣ አንድ ገብስ ያህል አስፍቶ እንደገና ሰፋቸው። ያን ዕለት ነው አራተኛውን ኪስ የለመንኩት። ለእኔ ትንሽ ኪስ፤ ሰላማዊት ስትመጣ ከእናቲቱ ጋር የምትሰካ፣ ስትሄድ ነቅዬ ወገቤ ላይ የማስራት። ለነሐሴው የልጃገረዶች በዓል፣ ለሻደይ፣ እንድትደርስልኝ። ምንይሉ ሳይስቅ ሰማኝ። «እጅሽን» አለ። የቆዳ ጠፍር ከእጄ አንጓ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ ለክቶ በጥፍሩ ምልክት አደረገበት። «ኪስ ማለት እጅ ነው» አለኝ። «ከእጅሽ ከጠለቀች የጠፋብሽን አታገኚም፤ ካጠረች ያለሽ ይወድቃል።» ከማንገቻው ሥር ለእሷ አራት ቀለበት ጨመረ። አሥራ ስድስት ሆኑ።

ሐምሌ ላይ ቦርሳውን ይዞ መጣ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ሰላማዊት መዝገቧን እናቲቱ ውስጥ ከተተች፤ ሦስቱን ኪሶች ሰካችና ግቢው መሃል ወጥታ ዝናቡ ውስጥ ቆመች። ጠጪዎቹ በበሩ አንገታቸውን አስግገው ያይዋታል። «አበደች!» አለ አጎቴ። ቆየችና ገብታ መዝገቡን አወጣችው። ደረቅ ነበር። ገጾቹን በአውራ ጣቷ ፈር ፈር አደረገቻቸው፤ ድምፃቸው እንኳ ደረቅ ነበር።

እንደዚያ ቀን ተደስታ አይቻት አላውቅም። ከበሩ ጀርባ እጇን ሰደደችና ቀዩን ኩባያ ከምስማሩ አወረደች። ራሷ ቀዳች። ግማሹን ጠጣች፤ ግማሹን ለምንይሉ ሰጠችው።

ጠጪዎቹ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ምንይሉ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አይጠጣም፣ አያስቀምጥም። እናቴ ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ የገባኝ መሰለኝ። እህቴ የታላቅ ሰው ዕቃ ደፍራ አፏን አስነክታለች። በነፍስ አባታችን ዋንጫ እንደመጠጣት ነው። ኀፍረት ፊቴን አቃጠለኝ።

«ይቅርታ ጠይቂው!» አልኳት ጮክ ብዬ። «የእሱ ብቻ ነው እኮ!»

ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞላው። «ልክ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «ይቅርታ» አለችው፤ «ስለ ሁላችንም።» ምንይሉ አንገቱን ደፋ። እናቴ ኩባያውን በእንጨት ገፍታ ከእጁ አስጣለችውና ከነ ጠላው ወደ ደጅ ተንከባለለ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከጓዳው ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አጥንታችንን ልትሰብሪው ነው?» ይላል አባቴ።

«ማን አማላጅ ሆኖ ይመጣል ለሱ? የትኛው ሽማግሌ?» ትላለች እናቴ። «ንገሪኛ! የትኛው?»

«እኔ ከሄድኩ አማላጅ ምን ያደርጋል?» ትላለች ሰላማዊት።

«ሰባት ቤት ቆጥረን የጠበቅነውን!»

«እኔ የምቆጥረው የታመመ ነው፣ አባባ። አጥንት አልቆጥርም።»

ስለ ሥራዋ የሚጨቃጨቁ መስሎኝ ነበር። አንድ አጥንቱ የተሰበረ በሽተኛ አለ፤ አጥንቱን የሚጠግንለት ሽማግሌ ጠፍቷል። ስለዚህ ብዙም አላዳመጥኩም። ሰኞ ሰላማዊት ቦርሳዋን ይዛ ወደ ቀበሌዋ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች። ምንይሉም መምጣቱን ተወ። ምስማሩ ባዶውን ቀረ። ወንዙ ዳር እንዳልወርድ ተከለከልኩ። «ኪሴስ?» ስላት እናቴ «ስሙን እንዳትጠሪ!» ትለኛለች። ስም አልጠራሁም እኮ፤ ኪስ ነው ያልኩት። ሻደይ መጣ። እኩዮቼ ለምለሙን ወገባቸው ላይ አገልድመው ሲጨፍሩ እኔም ጨፈርኩ፤ በየመሃሉ ግን እጄ ወገቤ ላይ የሌለ ነገር ይፈልግ ነበር።

ጳጉሜን ላይ ከአባቴ ጋር ወደ ተከዜ ቆላ አክስቴ ዘንድ ወርደን ሦስት ቀን አደርን። ከመስቀል በኋላ ታመምኩ። መጀመሪያ በረዶ ውስጥ እንደገባሁ ተንቀጠቀጥኩ፤ ከዚያ ነደድኩ፤ ከዚያ አላበኝ፤ በማግስቱ ደህና ሆንኩ፤ ከነገ ወዲያ እንደገና ተንቀጠቀጥኩ። ዛሬ የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ የሚመላለስ ትኩሳት ይዞ የመጣ ሰው ደሙን መስታወት ላይ ቀብቼ አቀልመዋለሁ፤ ያን ጊዜ የበላኝን ነገር በየሳምንቱ አየዋለሁ። ሐምራዊ ነው፤ ቀለበት ይመስላል፤ ከአንድ የደም ሕዋስ ያንሳል።

ያኔ ግን እትዬ አምሳለ መጣች። በሰፈሩ ሥር የምታውቅ፣ ማንም የማይደፍራት ሴት ናት። ግንባሬን ነካ አድርጋ ለእናቴ «ይሄ የእግዜር አይደለም» አለቻት።

አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። ባለፈው ዓመት የጎረቤታችን ልጅ ታሞ በጢስ ሲያስለፈልፉት አይቼ ነበር። ልጁ የአንዲት ሸክላ ሠሪ አሮጊት ስም ጠራ። ወዲያው ሰዎች ሮጠው ሄዱ፤ አሮጊቷን አጅበው አመጧት። ስትገባ ቤት የሞላው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። መንገድ ለቀቁላት። በልጁ ላይ ተራመደች፤ እንትፍ አለችበት፤ ልጁ በሳምንቱ ተነሥቶ ሲጫወት አየሁት። ለአንዲት አሮጊት ያን ያህል ሰው ሲነሣ ከዚያ በፊት አላየሁም። ደግሞም አንድ ነገር ያዝኩ፤ የታመመ ልጅ የማንን ስም ቢጠራ ያ ሰው ይመጣለታል። ከልካይ የለም።

በገል ላይ ፍም አደረጉ። እትዬ አምሳለ የሆነ ሥር በተነችበት፤ ነጠላ ደፍተውብኝ ጢሱ ወደ አፍንጫዬ ገባ። እንደ በርበሬ ያቃጥላል። ሳልኩ፣ አለቀስኩ። አጎቴ እግሬን ይዞታል።

«ማነህ?» አለች እትዬ አምሳለ። እንደ ወንድ ስታናግረኝ ገረመኝ። «ማን ነህ? ተናገር! ስምህን ካልተናገርክ አለቅህም!»

በነጠላው ክር መካከል የእናቴ ፊት ይታየኛል። አሰብኩ። ትኩሳቱ አላሳሳተኝም፤ አልቃዠሁም፤ ይህን ደጋግሜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። በጣም በጥንቃቄ አስቤ፣ አሁን ማንም እምቢ ሊለኝ እንደማይችል አውቄ፣ በደስታ ጮህኩ።

«ምንይሉ!»

እናቴ ደረቷን ደቃች። «ብዬ ነበር!» አለ አጎቴ። «አላልኩም?»

«ምን ትፈልጋለህ?» አለች እትዬ አምሳለ። «ምን ሰጥተንህ ትለቃለህ?»

የምፈልገውን ስትጠይቀኝ ይበልጥ ወደድኳት። «ኪሴን!» አልኩ። «ኪሴን ይዞ ይምጣ!»

አጎቴና ሦስት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ወንዙ ድረስ ግን መውረድ አላስፈለጋቸውም። ምንይሉን ያገኙት ከበራችን በታች ዳገቱን ሲወጣ ነው። መታመሜን ሰምቶ ኖሯል፤ ኪሷን ጨርሶ እያመጣልኝ ነበር። አጎቴ ይህን እስከ ሞቱ ድረስ እየማለ ተናግሮታል፤ «ስሙ ከመጠራቱ እግሩ ደረሰ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

አንገቱን ይዘው አስገቡት። እንዳሰብኩትም ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

«ዓይኔ» አለኝ። ስሜ ዓይናዲስ ነው፤ ዓይኔ የሚለኝ እሱና ሰላማዊት ብቻ ነበሩ። «ምንሽን ነው ያመመሽ?»

እጁ ላይ ትታየኛለች። ትንሽ፣ ቡናማ፣ ጀርባዋ ላይ አራት የወይራ ቁልፍ፤ ክዳኗ ላይ በነጭ ጅማት የተሰፋች አንዲት ዓይን ነበረች። ተነሥቼ ተቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ፤ ሣቅሁ። በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ጮኹ። እናቴ ይህን ክፍል ስትናገር እስካሁን ድምፅዋ ይቀንሳል፤ «ልጄ ጥርሷን አሳየችው፤ ልቧ ወደ እሱ ሄደ።»

«ተራመዳት!» አሉት። ተራመደኝ። «ትፋባት!» አሉት። አልተፋም።

«ልጅቷ ሐኪም ነው የሚያስፈልጋት» አለ። «እህቷን ጥሩላት። ስለ ማርያም፣ እህቷን ጥሩ!»

«የእህቷን ስም በአፍህ!» አለ አባቴ፤ በዱላው ጫፍ አፉን መታው። ደም እየተፋ እኔን ላለማስደንገጥ ፊቱን ሲያዞር አየሁት። ያ ምራቅ በቃቸው። ከጋቢው ጫፍ ቀደዱ፤ ከጸጉሩ ቆረጡ፤ ፍሙ ላይ አደረጉት። ከዚያ አባቴ ኪሷን ከእጁ ሊነጥቀው ሳበ። እዚህ ላይ ብቻ ነው ምንይሉ የታገለው። አንገቱን ሲይዙት፣ አፉን ሲመቱት እጁን አላነሣም፤ ኪሷን ግን አልለቅም አለ። ለአራት ሆነው አስለቀቁትና ወደ ገሉ ጣሏት።

ቆዳው ተኮማተረ። ሞራው ጮኸ። የተሰፋችው ዓይን መጀመሪያ ጠቆረች፤ ከዚያ ጠፋች። ጭሱን በነጠላ ወደ ፊቴ መሩት። ያ የምወደው ሽታ ነበር፤ የአዲስ ነገር ሽታ። በሕይወቴ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። «ኪሴን! ኪሴን!» እያልኩ ተንፈራገጥኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እየወጣ ነው ብለው።

ምንይሉን ገፍተው አስወጡት። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞሮ ቀኝ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ አየኝ። የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። አጎቴ መንግሥቴ የዋንዛውን በር በሁለት እጁ ወረወረው። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሩ የተሰነጠቀ መሰለኝ። ከዳንኩ በኋላ በሩን ከላይ እስከ ታች በጣቴ እየዳሰስኩ ፈለግሁ። አንድም ስንጥቅ አልነበረበትም።

በማግስቱ ሰላማዊት ደረሰች፤ መልእክት የላከባት ማን እንደሆነ አልታወቀም። ጣቴን ወጋች፤ ደሜን በመመርመሪያው ላይ ጠብ አደረገች፤ ኪኒን ሰጠችኝ። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀኝ። «ጭሱ ነው» አሉ ሁሉም። ሰላማዊት ወንዙ ዳር ወርዳ ተመለሰች። ጎጆዋ ተቃጥላለች። ማን እንዳቃጠላት የጠየቀም፣ እሱ የት እንደገባ የጠየቀም የለም።

«ስሙን የጠራው ማን ነው?» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

መጥታ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዓይኔ» አለችኝ፤ «ለምን?»

በእነዚያ ሦስት ቀናት ሰው እየመጣ ሲያወራ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቀዩ ኩባያ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ፋቂ ማዕረግ እንዳልሆነ፣ ስም የተጠራ ሰው ለምን እንደሚመጣ፣ ሰው ብድግ የሚለው ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ደግሞም በእነዚያ ሦስት ቀናት እናቴ ማር በውሃ በጥብጣ አጠጥታኛለች፤ አባቴ እግሬን በእጁ አሽቶልኛል፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ ቅዱስ ዕቃ ነካ አድርጎኝ ሄዷል። እናቴ ከሰላማዊት ጀርባ ቆማ ታየኛለች። ኪስ ፈልጌ ነው ብል ይህ ሁሉ የሚሆነውን አሰብኩ።

«ስለበላኝ ነው» አልኩ።

ስሙን ስጠራ ልጅ ነበርኩ። ይህን ስል ግን ልጅ ነበርኩ ለማለት አልደፍርም።

ሰላማዊት ተነሣች። ሦስቱን ኪሶች አንድ በአንድ ሰካች፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ከማንገቻው ሥር አራት ቀለበቶች ባዶ ነበሩ። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ደግማ ያቺን ደፍ የረገጠችው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ለአባቴ ቀብር ነው። አላገባችም። ለቅሶው ሲያበቃ ቦርሳውን አልጋዬ ላይ ትታልኝ ሄደች።

ባለፈው የካቲት ያንኑ ቦርሳ አንግቼ ለሥልጠና ወልዲያ ሄጄ ነበር። ከአውቶቡስ ተራው በታች በግራ እጁ የሚሰፋ ቦርሳ ጠጋኝ አለ ሲሉ ሰማሁ። በማግስቱ ጠዋት የመድኃኒቱን ኪስ አንድ ቁልፍ ሰበርኩት። ራሴ ነኝ የሰበርኩት፤ በድንጋይ።

በቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ሱቅ ናት። ጠጉሩ ሸብቷል። ቦርሳውን ሰጠሁትና «ቁልፍ ተሰብሮብኝ ነው» አልኩት። ተቀበለኝ፤ ፊቴን አላየም። አውራ ጣቱ በስፌቱ ላይ ሄደ፤ በአንዱ ቀለበት፣ በሁለተኛው፣ በሦስተኛው። የቀኝ እጁ ሦስት ጣቶች ወደ መዳፉ ታጥፈው ቀርተዋል፤ ዕቃ ተጭኖ ለመያዝ ብቻ ነው የሚሆኑት። ከማንገቻው ሥር ሲደርስ አውራ ጣቱ ቆመ።

«ከየት አገኘሽው?» አለኝ።

አሥራ ስድስት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። «ከገበያ ነው የገዛሁት» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ወይራ ጠረበና ቁልፉን ተካው፤ በግራ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ ከጥንቱ ሳያሳንስ። ሲጨርስ ቦርሳውን አልመለሰልኝም። «እጅሽን» አለ።

ዘረጋሁለት። ጠፍር ወስዶ ከእጄ አንጓ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ ለካ። ጠፍሩን ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው።

«አድጓል» አለ።

ከዚያ ምላጩን አነሣና ከማንገቻው ሥር ያሉትን አራት ቀለበቶች ጅማታቸውን እየበጠሰ፣ ቆዳውን ሳይነካ ነቀላቸው። አንድ በአንድ መዳፌ ላይ አስቀመጣቸው። «ባዶ ቀለበት እሾህ ይይዛል» አለ። «መንገድ ላይ ያስቸግርሻል።» ምላጩን አስቀምጦ ጨመረ። «እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አልኩ።

ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከጀርባው መጋረጃ ወጣች። በሁለት እጇ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ኩባያ ይዛለች። ሱቁ እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር፤ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል። በዚያ ኩባያ ውሃ ልጠጣ የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም።

«አልጠማኝም» አልኩ።

ምንይሉ ፊቱ አልተለወጠም። ይህን መልስ በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደሰማው አሰብኩ። ልጅቷን በግራ እጁ ወደ ኋላ መለስ አደረጋት፤ እሷም ኩባያውን እንዳይፈስ ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ምን እንዳጠፋች አባቷን በዓይኗ እየጠየቀች ገባች።